ለታማሚ ለብቻ የሚጣደው ድስት ይቅር



በኢንቦክስ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ እንደዚህኛው የሚደጋገም የለም፦ «ዶክተር፣ ስኳር አለብኝ፤ ስጋ በድንች መብላት እችላለሁ?» ከሱ ቀጥሎ ግፊት ያለበት ይመጣል፤ ከዚያ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሏል የተባለው። ጠያቂው ታማሚው ራሱ ብቻ አይደለም። ልጅ ይጠይቃል፣ ባለቤት ትጠይቃለች፣ ምራት ትጠይቃለች። «ለአባባ ምን እንሥራላቸው? ስጋም ድንችም ተከልክለዋል» ይሉኛል።

ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ይዞ እንዲሄድ መልሴን እዚሁ ልስጣችሁ። አዎ፣ ይብሉ። ቤት ውስጥ የተሠራ ስጋ በድንች ለአብዛኛው የስኳርና የግፊት ታማሚ የተከለከለ ምግብ አይደለም። እኔ ቢቀር ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው፤ ለታማሚው ተብሎ ለብቻ የሚጣደው ድስት። (የኩላሊት ድካም ያለባችሁ ግን መጨረሻ ላይ ስለ እናንተ የጻፍኩትን ሳታነቡ ድንቹን አትላጡ።)

አንድ ሰው ስኳር ወይም ግፊት እንዳለበት በታወቀ ሰሞን ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ድንጋጤ ነው። ከዚያ ክልከላው ይቆጠራል፦ ስጋ፣ ድንች፣ ቅቤ፣ ጨው፣ ሙዝ፣ ዳቦ። ጎረቤት የሰማችውን ትጨምራለች፣ አክስት ቲክቶክ ላይ ያየችውን ትጨምራለች። ሳምንት ሳይሞላ ትንሽ ድስት ይገዛል። በትልቁ ድስት ለቤተሰቡ ወጥ ይሠራል፤ በትንሿ ጨውም ዘይትም ያልነካው ጎመን ይቀቀላል። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ደክሞ ሁለት ጊዜ የሚያበስለው ሰው ለክፋት አይደለም የሚያበስለው።

ግን ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ለክትትል ሲመጡ ስኳሩ ብዙ ጊዜ አይወርድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰውየው የራሱን ድስት ቀምሶ ይተወዋል፣ ማታ ሰው ሲተኛ ከትልቁ ድስት ይጎርሳል። ወይ ደግሞ ውጪ ይበላል፤ እዚያ ዘይቱንና ጨውን ማንም አይለካለትም። ሦስተኛው ዓይነት ሰው ደግሞ ጭራሽ መብላቱን ይተዋል፤ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ኢንሱሊን ተወግቶ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን ውጦ ምግብ የዘለለ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ አንዳንዴም ራሱን ስቶ ነው ድንገተኛ ክፍል የሚደርሰው። «ምንም አልበላም እኮ ዶክተር፣ ተጠንቅቆ ነበር» ይላሉ ያመጡት ሰዎች።

ደግሞ እኛ ሀገር የሚበላው በአንድ ትሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከልጆቹ ጋር እጁን አንድ ትሪ ላይ ሲዘረጋ ለኖረ ሰው ለብቻው ሰሃን ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጉርሻ የለም፣ «ብላ እንጂ» የለም። ሰው ሲከፋው መድኃኒቱንም በደንብ አይወስድም፤ ይሄ በየቀኑ የማየው ነው።

ስለ ትንሿ ድስት ይሄን ያህል ካልን፣ በትልቁ ድስት ስለሚበሉት ሰዎችስ? የዓይነት 2 ስኳርም ሆነ የደም ግፊት በቤተሰብ የመደጋገም ባሕርይ አላቸው። አባት ስኳር ካለበት ልጆቹ ከሌላው ሰው በበለጠ ለአደጋው ቅርብ ናቸው። ታዲያ አባባን አውጥተን ልጆቹን ያንኑ ዘይትና ያንኑ ጨው እያበላን ምን እየሠራን ነው? የሚሻለው ትልቁን ድስት ማስተካከልና ሁሉም ከሱ እንዲበላ ማድረግ ነው። ድስቱ አንድ ይሁን፤ የሚለያየው ጭልፋው ነው፤ ለማን ምን ያህል እንደሚወጣ።

እስቲ ድስቱን እንክፈተው። ለስድስት ሰው የሚሆን ስጋ በድንች ውስጥ ግማሽ ኪሎ ስጋ፣ አንድ ኪሎ ድንች፣ አምስት ስድስት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ ወይም በርበሬ፣ ዘይትና ጨው አለ። ስሙ የሚነሳው የስጋውና የድንቹ ነው። እኔ ከሳሽ ብሆን መጀመሪያ የማቀርበው ዘይቱን ነው።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ብዙ ቤት ግን ዘይት በማንኪያ አይለካም፤ ከጀሪካኑ ዥው ይደረጋል። አንድ ቀን ለሙከራ፣ ድስቱ ውስጥ ከመጨመራችሁ በፊት ዘይቱን ብርጭቆ ላይ ገልብጣችሁ እዩት። አንድ ሙሉ ብርጭቆ ከሆነ፣ 240 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ ወደ 2,000 ካሎሪ ይሆናል። ለስድስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ300 ካሎሪ በላይ፣ ያውም ከዘይቱ ብቻ። አንድ መካከለኛ የተቀቀለ ድንች፣ 150 ግራም የሚሆነው፣ 130 ካሎሪ አካባቢ ነው ያለው። ስለዚህ ሳናውቀው ከወጡ ጋር የምንጠጣው ዘይት ከሁለት ድንች ይበልጣል፤ ስሙ የጠፋው ግን ድንቹ ነው።

ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለዚህ ድስት ይበቃል። እንዴት ይበቃል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እናቶቻችን ያውቁታል፣ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ያቁላሉታል። አሠራሩን ስናወራ እመለስበታለሁ።

የዘይቱ ዓይነትም ይለያያል። በብርድ ጊዜ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው የቅባት ዓይነት ነው። ንጥር ቅቤም በዚህ በኩል ከሱ አይሻልም፤ ይቅርታ፣ የሰማችሁት ሌላ ሊሆን ይችላል። የኑግ፣ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ይሻላል። «የሚሻለው ዘይት ስለሆነ እንደ ልብ ይጨመር» ማለት ግን አይደለም፤ ካሎሪው እኩል ነው። ቅቤውን ለመዓዛ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ለጠቅላላ ድስቱ ጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ከገባው ይልቅ መጨረሻ ላይ የገባው ነው የሚሸተው።

ቀጥሎ ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። ይሄ ከወጡ፣ ከዳቦው፣ ከበርበሬው፣ ከሁሉም ተደምሮ ነው። አሁን ድስቱን ተከታተሉት፦ ስጋው ሲቁላላ አንዴ ጨው፣ ውሃ ሲጨመር አንዴ፣ ሊወጣ ሲል አንዴ። በርበሬው ራሱ ሲደለዝና ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። በዚህ ላይ በካሬ ተጠቅልላ የምትሸጠው የሾርባ ማጣፈጫ አለች፤ የአብዛኞቹ ክብደት ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። 10 ግራም የምትመዝን አንዷን ጣል ማድረግ ማለት የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ጨምሮ ማለፍ ነው። ስጋ ባለበት ድስት ውስጥ ማጣፈጫዋ ምን ልትሠራ እንደምትገባ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም። አጥንት ያለው ስጋ ረጋ ብሎ ከተቀቀለ ከሷ የተሻለ ሾርባ ያወጣል።

የእኔ ልክ ለስድስት ሰው ድስት ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ያውም አንዴ፣ መጨረሻ ላይ። ለአንድ ሰው አንድ ግራም ያህል ይደርሰዋል። መጀመሪያ ሳምንት «አልጫ ሆነብን» ይባላል፤ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ምላስ ይለምዳል። እስከዚያ ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን በርከት አድርጉ፣ ኮረሪማ ነስነስ አድርጉ፣ ሲቀርብ ሎሚ ጭመቁበት። ጨው ቀንሱ ስላችሁ ደግሞ አዮዲን የሌለውን በጅምላ ግዙ ማለቴ አይደለም፤ አዮዲን ያለውን ገዝታችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ።

እግረ መንገዴን፣ «ጨው ከበዛ ድንች ጣል አድርግበት፣ ይመጠዋል» የሚባለውን ሰምታችኋል አይደል? ድንቹ የሚመጠው ጨዋማውን ውሃ ነው እንጂ ጨውን መርጦ አያወጣም። ደግሞስ ድንቹን መልሰን እንበላው የለ? ጨው የበዛበት ወጥ መፍትሔው ጨው የሌለው ውሃ፣ ሽንኩርትና ድንች ጨምሮ ማብዛት ነው።

ወደ ድንቹ እንምጣ፤ የስኳር ታማሚ ጥያቄ ያለው እዚህ ነው።

ድንች እኛ ጋ ብዙ ዘመን አላስቆጠረም። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ነው የሚጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1858። ዘግይቶ ስለመጣ ይሁን አላውቅም፣ ትሪው ላይ ቦታውን በትክክል የሰጠነው አይመስለኝም። ወጥ ነው ወይስ እንጀራ? ድስት ውስጥ ስለሚገባ ወጥ እንለዋለን። ለሰውነታችን ግን እንጀራ ነው። አንድ መካከለኛ የተቀቀለ ድንች 30 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይይዛል። አንድ ሙሉ እንጀራ እንደ ስፋቱና እንደ ውፍረቱ የዚህን ሦስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል። እና ስኳሩን የሚያወጣው ድንች መብላቱ ብቻ አይደለም፤ ድንቹን በእንጀራ ጠቅልሎ መብላቱ ነው። እንጀራን በእንጀራ እንደመብላት ቁጠሩት።

ስለዚህ ለስኳር ታማሚ የምለው ድንች ተው አይደለም፤ ድንቹን ከእንጀራው ላይ ቀንስ ነው። ሁለት ድንች ካወጣችሁ እንጀራውን ግማሽ ቀንሱ። ለመነሻ ያህል በአንድ ማዕድ አንድ መካከለኛ ድንች፣ የእንጀራው ሲሶ፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ ስጋ፣ ከጎኑ ደግሞ በርከት ያለ ጎመን ወይም ሰላጣ። ስጋው፣ ሽንኩርቱና ጎመኑ ድንቹ ቶሎ ተፈጭቶ ስኳሩ በአንዴ እንዳይተኮስ ያግዛሉ። ቤት ውስጥ መለኪያ ያላችሁ መብላት ከጀመራችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለኩ። ለብዙ አዋቂ ታማሚ ከ180 በታች ከሆነ ድስቱም ጭልፋውም ተስማምቷል። ካለፈ በሚቀጥለው ቀን የምትቀንሱት እንጀራውን ወይም ድንቹን ነው፤ መድኃኒቱን በራሳችሁ ማብዛት ግን የለም።

በዚህ አጋጣሚ ሁለት ነገር። ድንቹን ሌሊት ውሃ ውስጥ በመዘፍዘፍ «ስኳሩ ይወጣል» የሚባለው አይሠራም፤ የሚታጠበው ከላይ ያለው ትንሽ ስታርች ነው። ሁለተኛ፣ «ድንች አቁሜያለሁ፣ ጤፍ ግን እንደ ልቤ ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ሁለት እንጀራ ግን ሁለት እንጀራ ነው።

ስጋውስ? «ቀይ ስጋ አትብሉ» የሚለው ምክር ለማን እንደሚነገር ማየት ያስፈልጋል። በካንሰር ጥናት ላይ የሚሠራው የዓለም ካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ስጋ ለሚበሉ ሰዎች የሚያስቀምጠው ጣሪያ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ስጋ ነው። ልኳንዳ ቤት ቁጭ ብሎ ጥሬውንም ጥብሱንም ግማሽ ኪሎ ለብቻው የሚያነሳ ሰው የሳምንቱን በአንድ ከሰዓት ጨርሷል፤ እሱን ብንነግረው ይገባል። የእኛ ድስት ግን ግማሽ ኪሎ ጥሬ ስጋ ለስድስት ሰው ነው። ለአንድ ሰው 80 ግራም ገደማ ይደርሰዋል፣ ሲበስል ደግሞ ይቀንሳል። በዚህ ሂሳብ ሁለቴም ሦስቴም በሳምንት ቢሠራ ጣሪያው ሩቅ ነው። የስጋ ዋጋ ባለበት ሁኔታ ይሄንን የሚሠራ ቤት ስንት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ሌላውንም ጾም የሚጾም ሰው ደግሞ ዓመቱን ግማሽ ያህል ስጋ አይነካም። እንዲህ ላለው ሰው ጉዳቱ ያለው ጾሙ ሲፈታ በአንድ ቀን የሚያካክሰው ላይ ነው። ወጡ እዚህ ላይም ይረዳል፤ ግማሽ ኪሎውን ለስድስት ሰው ያብቃቃዋል።

እኔን ከመጠኑ በላይ የሚያሳስበኝ ስጋው ለማን እንደሚደርስ ነው። ብዙ ቤት መጀመሪያ ለአባት ይወጣል፣ ቀጥሎ ለእንግዳና ለወንዶች ልጆች። የሠራችው እናት መጨረሻ ላይ ትቀመጥና መረቁን በእንጀራ ጠራርጋ ትነሳለች። በአሜሪካ የምግብ ልኬት መሠረት አዋቂ ወንድ በቀን 8 ሚሊ ግራም ብረት ሲያስፈልገው፣ የወር አበባ የምታይ ሴት 18፣ እርጉዝ ደግሞ 27 ያስፈልጋታል። ድስታችን የሚከፋፈለው በተቃራኒው ነው። ድካም፣ ማዞር፣ ደረጃ ሲወጡ ልብ መምታት ብላ የምትመጣ ወጣት እናት ደም ማነስ ሲገኝባት ክኒኑን አዝዤ ሁሌም የምጠይቃት ጥያቄ አለ፦ «ቤት ውስጥ ስጋ ሲሠራ ላንቺ የሚደርስሽ ስንት ነው?» አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ሳቅ ነው።

በስጋ ውስጥ ያለው ብረት ከእህልና ከጎመን ከሚገኘው በቀለለ ሁኔታ ወደ ደም ይገባል። ከዚያ አልፎ አብሮት የተበላውን የእንጀራውንና የጎመኑን ብረት ጭምር ያስገባል። ለዚህ ነው ትንሽ ስጋ ለብዙ ሰው ማካፈል ጥቅም ያለው፤ ሁለት ቁራጭም ሥራ ትሠራለች። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ሲጨመርበት በቫይታሚን ሲ ምክንያት የበለጠ ይገባል። (ሎሚ ጮማ ያቀልጣል የሚባለው ግን ወሬ ነው።) ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱን ይይዙታል። ከምግብ ላይ ተነስቶ ወዲያው ቡና ማለት ልማዳችን ነው፤ ደም ማነስ ያለባት ሴት ግን አንድ ሰዓት ያህል ብታቆየው ይሻላታል። ቡናው ይፈላ፣ ዕጣኑም ይጪስ፤ የሷ ስኒ ብቻ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ትቆይ።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው? እኔ የምሠራው አልጫ ነው፤ ቀይ የምትፈልጉ በእርዱ ፈንታ በርበሬውን አስገቡ።

ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርጎ ከትፎ ባዶ ድስት ላይ፣ ክዳን አድርጎ፣ መጠነኛ እሳት ላይ ማቁላላት። ዘይት የለም። ውሃውን ያወጣል፤ ሊይዝ ሲል ትንሽ ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል። ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ታገሱት፤ የወጡ ውፍረት ከዚህ ነው የሚመጣው። ሲለሰልስ ሦስቱን ማንኪያ ዘይት፣ የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ እርዱን ማስገባት። ከዚያ ስጋው። ለዚህ ውድ የሆነው የጥብስ ስጋ አያስፈልግም፤ ጅማት ያለበት፣ አጥንት የያዘው የወጥ ስጋ ነው ጥሩ የሚሆነው። ከላይ የሚታየውን ጮማ ግን ቀድማችሁ ቆርጣችሁ አውጡ። ስጋው በራሱ ውሃ ከተቁላላ በኋላ የፈላ ውሃ ጨምሮ መክደን። እስኪለሰልስ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከፍታ ላይ ስለሆንን፤ ስለዚህ የውጪ ሀገር ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ሰዓት ላይበቃ ይችላል። ኩከር ያለው ሰው ይሄ አይመለከተውም።

ድንቹ የሚገባው ስጋው ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው፣ ለሁለት ወይም ለአራት ተከፍሎ። ካሮት የሚወድ አብሮ ያስገባል፤ ጥቅል ጎመን ከሆነ ዘግየት ብሎ። ድንቹ ሲበስል ጨው፣ ኮረሪማ፣ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ አምስት ደቂቃ፣ ማውረድ። ከዋዜማው ሠርታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ብታሳድሩት ጠዋት ቅባቱ ከላይ ረግቶ ታገኙታላችሁ፤ በማንኪያ ገፍፋችሁ ጣሉት።

ቤት ውስጥ ከ6 ወር በላይ የሆነ ሕፃን ካለ፣ ጨውና ቃሪያው ከመግባቱ በፊት ለሱ ትንሽ ቀንሱለት። ድንቹን ፍጩት፣ ስጋውን ድቅቅ አድርጋችሁ ክተፉትና ቀላቅሉለት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት እንደ ስጋ፣ ዓሣና እንቁላል ያሉ ምግቦች በየቀኑ እንዲሰጡ ነው የሚመክረው። መረቁን ብቻ ማጠጣት ስጋ መስጠት አይደለም፤ ብረቱም ፕሮቲኑም በብዛት ያለው ስጋው ውስጥ ነው።

የበሰለ ወጥ አንድ ሌላ ነገር ያስቀራል፤ ኮሶ። የኮሶ ትል እጭ በደንብ ሲበስል ይሞታል፣ የድስቱ ሙቀት ከበቂ በላይ ነው። እርጉዝ ሴቶች በተለይ ጥሬ ስጋን ቢተዉ ይሻላል፤ በጥሬ ስጋ የሚመጣው ቶክሶፕላዝማ ለፅንሱ አደገኛ ነው።

የተረፈውን ግን ድስቱ ውስጥ ምድጃ ላይ አታሳድሩ። «በየቀኑ አፈላዋለሁ» የሚለው አያድንም፤ አንዳንዱ ጀርም ሙቀት ችሎ ይቆይና ወጡ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ይራባል፣ የአንዳንዱ መርዝ ደግሞ ቢፈላም አይጠፋም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ከፋፍላችሁ ፍሪጅ አስገቡ፣ በሦስት በአራት ቀን ጨርሱ፣ የምትበሉትን ብቻ አውጥታችሁ በደንብ አሙቁ። ፍሪጅ የሌለው ወይም መብራት የሚጠፋበት ሰው የዕለቱን ብቻ ይሥራ። ድንች ስትገዙም አረንጓዴ የሆነውንና የበቀለውን እለፉት፤ በውስጡ የሚፈጠረው ሶላኒን የሚባለው መርዝ በመቀቀል አይለቅም።

አሁን ቃል የገባሁላችሁ የኩላሊት ታማሚዎች። ድንች ብዙ ፖታሲየም አለው፣ በአንድ መካከለኛ ድንች ወደ 500 ሚሊ ግራም። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ የግፊት ታማሚ ይሄ ጥቅም ነው፤ ፖታሲየም ግፊትን ለመቀነስ ያግዛል። ኩላሊቱ ለደከመ ወይም ዲያሊሲስ ላይ ላለ ሰው ግን ፖታሲየሙ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የምትወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል። ይሄ ማለት ኢናላፕሪል የሚወስድ ሁሉ ድንች ይተው ማለት አይደለም፤ የኩላሊት ምርመራችሁ ደህና ከሆነ ብሉ። ምርመራው ደህና ካልሆነ፣ ሐኪማችሁ የሚፈቅድላችሁን መጠን ድንች ልጣችሁ፣ በትንንሹ ከትፋችሁ፣ በብዙ ውሃ ለብቻው ቀቅሉት። ውሃውን ድፉትና ድንቹን ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ፖታሲየሙን ይቀንሰዋል። መረቁን አታብዙ። «ሶዲየም የሌለው ጨው» እየተባለ የሚሸጠውንም አትንኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ከፖታሲየም ነው። ቀጠሮ ስትሄዱ የመጨረሻውን የክሬአቲኒንና የፖታሲየም ውጤታችሁን ይዛችሁ ሂዱና «ድንች ስንት?» ብላችሁ በቁጥር ጠይቁ።

ስለ ሽሮ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።